በሁዳዴ ጠፈር ላይ የወደቀው ባልደረባዬ

ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ ምን መደረግ እንዳለበት ስንት ሳምንት ሳስተምር ቆይቼ፣ ባልደረባዬ የእውነት ራሱን ስቶ በወደቀ ጊዜ የሚያምነኝ አንድ ሰው አጣሁ። ነገሩን ባነሳሁት ቁጥር እንደ አዲስ እናደዳለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላውራው።

ከሞላሌ ወዲያ ባለች አንዲት የመንዝ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሳይንስ ክበቡን ስረከብ ክበቡ ማለት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የዓይን ሥዕልና አንድ የተቆለፈ ሳጥን ነበር። ቁልፉን የያዘው መምህር ተዛውሮ ሄዷል። እኔ ደግሞ የቆመ ነገር ሳይ አላስችል ይለኛል፤ ተቀምጬ ድራማ ጻፍኩ። ሁለት ጠፈርተኞች ማንም ያልረገጠው ዓለም ላይ በመንኮራኩር ያርፋሉ። አንደኛዋ ድንጋይ ልትለቅም ሄዳ ስትመለስ ባልደረባዋን ራሱን ስቶ ተዘርሮ ታገኘዋለች። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲወድቅ የሚሆነው ይታወቃል፤ ሰዉ ይከበዋል፣ ክብሪት ተጭሮ አፍንጫው ሥር ይያዛል፣ ውሃ ይደፋበታል። መደረግ ያለበት ግን ሌላ ነው። በጀርባው ይተኛል፣ የጠበቀ ልብሱ ይላላል፣ እግሩ ከፍ ይደረጋል፣ ሰው ዘወር ብሎ አየር ይተውለታል። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፤ ጽፈውም ይረሱታል። መድረክ ላይ ካዩት ግን አይረሱትም ብዬ ነው።

የሚወድቀውን ጠፈርተኛ እንዲሠራልኝ የሒሳብ መምህሩን ለመንኩት። የግሼ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያውቅ።

«ለምንድን ነው የምወድቀው?» አለኝ።

«ኦክስጅን አልቆብህ።»

«ስንት ሊትር ይዤ ነበር የወጣሁት?»

«አልጻፍኩትም።»

«ካልተጻፈ እንዴት አለቀ?»

የኦክስጅኑን መጠን ከነአጠቃቀሙ ጽፌ ሰጠሁት፤ አረመውና መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ነው እሺ ያለው። ሌላዋ ጠፈርተኛ እኔ ነበርኩ። ለልብሱ የበግ ለምድ ገልብጠን በሚያብለጨልጭ የስጦታ ወረቀት ሸፈንነው። ለራስ ቁሩ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆርጠን መስኮት አወጣንለት።

ችግሩ ልምምዱ ላይ ተጀመረ። ሜዳው ላይ ገና ከመውደቁ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ አባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ጥለው ክብሪት እየጫሩ ደረሱ።

«አባባ፣ ድራማ ነው!»

«ድራማስ ቢሆን፣ ሰው ወድቆ ዝም ተብሎ ይታያል?»

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከጸበል የሚመለሱ አንዲት እናት በአጥር አይተውት ገቡና የያዙትን ጸበል ሙሉውን ደፉበት። ባልደረባዬ ወረቀቱ እየተላቀቀ ተነስቶ «ይሄኛው ጽሑፉ ላይ የለም» አለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ይመስል።

ሥርዓት ማስያዝ ነበረብኝ። ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል እየቆምኩ፣ በድራማው ቀን ማንም ሰው ምንም ነገር ቢያይ ከተቀመጠበት እንደማይነሳ አስታወቅሁ። ተማሪዎቹን «ምን ብያለሁ?» እላለሁ። «አንነሳም!» ይላሉ። አባባን ለብቻቸው ወስጄ አስማልኳቸው።

ድራማው ዓርብ ጠዋት ነበር የሚታየው። ከወረዳ የሚመጡት እንግዶች መኪናቸው ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ቀሩና ወደ ከሰዓት ተገፋ። የመንዝ ብርድ ይታወቃል፤ ባልደረባዬ በጠዋት ለምዱን ደስ ብሎት ነበር የለበሰው። እኩለ ቀን ሲሆን ግን አዳራሹ በሰው ጢም አለ፤ ቆርቆሮው ጋለ፤ እሱም አውልቆ መልሶ መልበሱ ወረቀቱን ይቀደዋል ብሎ እንደለበሰ ተቀመጠ። ፊቱ ደስ አላለኝም።

«ምግብ ቀምሰሃል?»

«ዓርብ ነው። ሁዳዴ ነው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ውሃስ?»

በዜሮ ያካፈለ ተማሪ እንደሚያይ አየኝ። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ ጠብታ ውሃ አይቀምስም።

እንግዶቹ ደረሱ፤ ጀመርን። ድንጋይ የሞላ ዘምቢል ይዤ ስገባ ባልደረባዬ ተዘርሯል። እንደ ጽሑፉ «ጓዴ!» ብዬ ተጣራሁ። ሁለተኛ ጠራሁት። በሦስተኛው ጥሪ ላይ አቃስቶ «የት ነው ያለሁት?» ማለት ነበረበት። ዝም አለ። አራተኛ ጠራሁት። ከራሱ እየጨመረ ነው ብዬ በገንኩ፤ አጎንብሼም «ይበቃል፣ ተናገር» አልኩት። ጀሪካኑን ሳነሳው ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግንባሩ ላይ ቀዝቃዛ ላብ ችፍ ብሏል።

«ድራማ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «የእውነት ራሱን ስቷል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ አለ። ለምዱን ከደረቱ ፈታሁ። እግሩ ረጅም ነው፤ ብቻዬን ይዤው ሌላ ነገር መሥራት አልቻልኩም።

«አባባ፣ ይምጡና እግሩን ይያዙልኝ!»

አባባ የፊት ወንበር ላይ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «አልነሳም!» አሉ።

«አባባ፣ በእውነት ነው የምለው!»

«ዛሬስ አታሞኚኝም ልጄ! ምንም ቢያዩ እንዳይነሱ ብለሽ አላስማልሽኝም?»

«በርቱ አባባ!» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ፤ ሳቁ ቆርቆሮውን ሊያነሳው ደረሰ። እንግዶቹ ሳይቀሩ ይስቃሉ።

ሰው ማለት ይሄ ነው። ድራማ ነው ስል እውነት ነው ብሎ ክብሪት ይጭራል፤ እውነት ነው ስል ድራማ ነው ብሎ ያጨበጭባል። የእኔ ድምፅ የሚያመጣው ለውጥ የለም። በመጨረሻ ያለችኝ አንዲት ነገር መሐላ ነበረች።

«ማርያምን እውነት ነው!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እዚህ አገር በእሷ ስም ለድራማ የሚምል የለም። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ የክብሪት ሳጥን ያልያዘ ሰውም አላየሁም። ያ ሁሉ ጭስ ጤነኛውን ሰው የሚጥል ነበር። «አየር ተዉለት!» ብዬ ጮህኩ። ተማሪዎቹ እንደ ክፍል ውስጥ በአንድ ድምፅ «አየር ተዉለት!» ብለው ደገሙልኝ፤ አንድ እርምጃ ግን የሸሸ የለም። አባባ እግሩን ወደ ላይ ሲያነሱልኝ ባልደረባዬ ዓይኑን ገለጠ።

«ክብሪቱ ነው!» አሉ አንድ ሰው።

«እግሩ ከፍ ስላለ ነው!» አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ።

ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አምጥተው አፉ ላይ አቀረቡለት። ከንፈሩን ገጠመ።

«ቅዳሴ ወጥቷል?»

«ኧረ ገና ነው!» አለ ሰዉ ሁሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ «ወጥቷል» ቢል ምን ነበረበት!

ልቀመጥ ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ ተገለበጠና መልሶ ወደቀ። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ ባጃጅ ፍለጋ አንድ ተማሪ ልኬ ገና አልተመለሰም። ውሃው ደግሞ እዚሁ አፉ ላይ ነው። እንደገና ሲነቃ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በደም ውስጥ ስኳር ሲያንስ አንጎል ምን እንደሚሆን አስረዳሁት።

«የንስሐ አባቴ ካልፈቀዱ አልጠጣም።»

«የት ናቸው?»

«ግሼ።»

ስልኩን ከኪሱ አወጣሁ። አዳራሹ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ጋ ብቻ ነው፤ እዚያ ቆሜ ስፒከሩን ከፈትኩት።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ማን ልበል?»

«የልጅዎ የመምህሩ ባልደረባ ነኝ። ራሱን ስቶ ወድቋል።»

«እኔን! ከምን ላይ ወደቀ?»

አፌን ሳልከፍት ተማሪዎቹ «ከመንኮራኩር!» አሉ።

«ከምን?»

«አባቴ፣ ድራማ ነበር። ማለቴ መውደቁ እውነት ነው፤ የወደቀበት ቦታ ነው ድራማው። ሁለት ጠፈርተኞች ነበሩ፣ አንደኛዋ…»

«ልጄ፣ እሱን ተዪው። ነፍሱ አለች?»

«አለች። ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አልጠጣም ብሎ ነው።»

«አቅርቢልኝ።»

«ኔትወርኩ እዚያ አይደርስም፤ ከዚህ ሆነው ይናገሩት፣ ይሰማል።»

«አንተ!» አሉ፤ አዳራሹ ሁሉ ክው አለ።

«አቤት አባቴ» አለ ከወለሉ ላይ፣ በማይሰማ ድምፅ። እኔ ጮክ ብዬ ደገምኩላቸው።

«ትናንት ማታ ምን በላህ?»

ፊቱን ከመስኮቱ አዞረ።

«ምን በላህ ብዬሃለሁ!»

«ፈተና ሳርም… እንቅልፍ ወሰደኝ።»

ይህንንም ደገምኩ፤ ስደግመው ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሲጠየቅ ለእኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም!

«እራት ሳትበላ ተኝተህ ጾም ነው ትለኛለህ? ጠጣ።»

«ሰዓቱ ግን አባቴ፣ ሊደርስ ትንሽ…»

«ከእኔ ጋር ሒሳብ ትሠራለህ? ጠጣ! ጠጥተህም ትበላለህ። በእኔ ይሁን።»

አባባ አንገቱን ደግፈው ብርጭቆውን ያዙለት። ጠጣ። አዳራሹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ ብሎ ጉሮሮውን ያያል።

«ጠጣ?» አሉ ከመስኮቱ።

«ጠጣ አባቴ።»

«ጨረሰው?»

«ጨረሰው።»

«እንጀራ አምጡለት። እስኪበላ አልዘጋም።»

ከሻይ ቤት እንጀራ በሽሮ መጣ። ቀስ በቀስ ከንፈሩ ቀለም ያዘ፤ መጀመሪያ በአባባ እጅ ጎረሰ፣ ቀጥሎ ራሱ ተደግፎ ተቀመጠ። እኔም የጠፈር ልብሴን እንደለበስኩ መስኮቱ ጋ ቆሜ የባልደረባዬን ጉርሻ ወደ ግሼ አስተላልፋለሁ።

«አሁን ጎረሰ አባቴ።»

«ቀስ ብሎ ያላምጥ በይው።»

«ቀስ ብለህ አላምጥ ብለዋል!»

«ሰማሁ» አለኝ አፉ ሞልቶ፣ ቀና ሳይል። «ስፒከር ነው እኮ።»