ጭቃው የያዘው መርዝ

ቃሊቲ፣ ከተዘጋ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ጀርባ፣ ቄጠማ የዋጠው ረግረግ አለ። ቤታችን ከእሱ ብዙም አይርቅም። ድሮ ቆዳ አርሴኒክ በሚባል መርዝ ይታሽ ነበር፤ ፋብሪካው በጉድጓድ ያጠራቀመው ዝቃጭ ዝናብ በጣለ ቁጥር ወደ ረግረጉ ይፈሳል። ጉድጓዱ ዳር ሣር አይበቅልም፤ ወፍም አያርፍም።

ለማስተርስ ጥናቴ የመረጥኩት ይህንኑ ውሃ ነበር። ከጉድጓዱ በኩል የቀዳሁት ክፉኛ የተመረዘ ሆነ። ቄጠማውን አልፎ በወዲያ በኩል የሚወጣው ግን ደህና ውሃ ነው። መርዙ መሃል ላይ ጠፍቷል። የት እንደገባ ለማወቅ ከመሃል ጭቃ ማውጣት ነበረብኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። ብቻሽን አትገቢም ብሎ ረጅም አጣና ይዞ ተከተለኝ። ቄጠማው ውስጥ ስንገባ ከዋናው መንገድ ይሰማ የነበረው የከባድ መኪና ጩኸት ቀስ በቀስ ሞተ። እንቁራሪት እንኳ አይጮህም። ከእግራችን ሥር እየወጣ የሚፈነዳ አረፋ ብቻ ይሰማል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

"ይተነፍሳል እኮ" አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ልስቅበት ስል እግሬ ከዳኝ። እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። አንዳች ነገር ቦቲ ጫማዬን ወደ ታች የሚጎትተው መሰለኝ።

"አባዬ፣ ሳበኝ!"

"አትንፈራገጪ! እንጨቱን ያዢ!"

ጎትቶ አወጣኝ። አንዱ ቦቲዬ እዚያው ቀረ፤ ጥቁሩን ጭቃ የሞላሁበትን ዕቃ ግን አልለቀቅሁም።

ላብራቶሪ ወስጄ ጭቃውን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን አፍልቼ በውስጡ ያለውን ሕይወት ሁሉ ገደልኩ፤ ግማሹን እንዳለ ተውኩት። ሁለቱንም በየጠርሙሳቸው ከተመረዘው ውሃ ጋር አድርጌ፣ አየር እንዳይገባ ደፈንኳቸው።

በበዓል ሰሞን ሰው በሌለበት ላያቸው ገባሁ። የተቀቀለው ጭቃ እንደተውኩት ነበር። ሕያው ጭቃ ያለበት ጠርሙስ ግን የጎማ ክዳኑ ከውስጥ ተገፍቶ አብጧል፤ ጭቃው እንደ ጥላሸት ጠቁሮ፣ በላዩ እርድ የመሰለ ቢጫ ነገር ተኝቷል። ማንም አልነካውም።

ውሃውን ስመረምር ሕያው ጭቃ ባለበት ጠርሙስ አርሴኒኩ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ በሌላኛው አለ። ጭቃው ውስጥ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች አሉ። ያን የሚሸት ጋዝ የሚያወጡት እነሱ ናቸው፤ ጋዙ ከአርሴኒኩ ጋር ይዋሃድና ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። ውሃው ይጸዳል። መርዙ ግን የትም አልሄደም።

ክረምት ሊገባ ሲል አባቴ ደወለልኝ። "ቶሎ ነይ፤ ጭቃውን እየቆፈሩ ነው።"

ስደርስ ኤክስካቫተሩ ቄጠማውን ገልብጦ፣ ጭቃውን ፀሐይ ላይ ከምሮታል። መጋዘን ሊሠራበት ነው። ፎርማኑን አስቁሜ ነገርኩት።

"እህቴ፣ ጭቃ እኮ ነው" አለኝ።

"አየር ሲያገኝ የያዘውን መርዝ ይለቃል። ዝናቡ ጠርጎ ታች ያወርደዋል። ታች ከብት ይጠጣል።"

ፎርማኑ ክምሩን አየ፤ ከዚያ በላዩ ሲመላለስ የዋለበትን ጫማውን አየ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ጭቃው ወደነበረበት እንዲመለስ ለኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት ሰጠው።

መጋዘኑ ሌላ ቦታ ተሠራ። እኔም ከታች ያለውን ውሃ አልፎ አልፎ እመረምራለሁ፤ እስካሁን ደህና ነው። አባቴ ግን ላሞቹ አጎንብሰው ሲጠጡ ካየ፣ የጀመረውን ወሬ አቋርጦ ቀና እስኪሉ ይጠብቃል።