ትመጣለች የሚሉት ልብስ ሰፊ

ባርኔጣ ሠሪው ሥራ በቃኝ ብሎ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ልጁ ቤት ሲገባ በመስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ቀረ። ያቺን ረጅምና ጠባብ ክፍል ተጋርተው የሚሠሩት ሦስት ሰዎች፣ ልብስ ሰፊው፣ ጥልፍ ሠሪዋና ሰዓት ጠጋኙ፣ ሦስቱም ቦታውን ፈለጉት። ጥልፍ ሠሪዋ የፈለገችው ለብርሃኑ ነው። ሰዓት ጠጋኙ የግድግዳ ሰዓቶቹን መንገደኛ እንዲያይለት ሊደረድር አስቧል። ልብስ ሰፊው ለምን እንደፈለገው ሲጠየቅ «አየር ይገባል» አለ።

ውሸቱን ነው። ዓይኑ እየደከመ ነበር። ነጭ በነጭ ሲሰፋ ብዙም አይቸገርም። ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ሲሆን ግን መርፌው የት እንደገባ የሚያውቀው በጣቱ እየዳበሰ ነው። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ለባልደረቦችህ ንገራቸው ብላ ስንት ጊዜ ለምናዋለች። እሱ የፈራው ወሬውን ነው፤ ልብስ ሰፊው አያይም ከተባለ ሱሪውን ይዞ የሚመጣ ሰው አይኖርም። መስኮቱን ካገኘ ግን ማንም ሳይነቃበት ጥቂት ዓመት ይሠራል።

ሲነታረኩ ሰነበቱና ሰዓት ጠጋኙ በካርታ ይለይልን አለ። ቅዳሜ ከሥራ በኋላ መጫወት የቆየ ልማዳቸው ነው። ገንዘብ አይነኩም፤ የሚወራረዱት ከልብስ ሰፊው ቆርቆሮ በሚወጣ የሸሚዝ ቁልፍ ነው። ጨዋታው ኦማሃ የሚባለው የፖከር ዓይነት ሲሆን ያስተማራቸው ሰዓት ጠጋኙ ነው፤ በወጣትነቱ አንድ ሆቴል ውስጥ ካርታ ያድል ነበር። እያንዳንዱ ሰው አራት ካርታ ይይዛል። ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ ሦስት ይገለጣል፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ የመጨረሻዋ። ተጫዋቹ ከእጁ ሁለት፣ ከጠረጴዛው ሦስት ወስዶ አምስት ያደርጋል። ከእጄ ሦስት ልውሰድ ማለት የለም። ካርታው አራት ምልክት አለው፤ ልብና ዳይመንድ ቀይ፣ ስፔድና አበባ ጥቁር ናቸው፤ አምስቱም አንድ ምልክት ከሆኑ ብርቱ እጅ ነው።

አራት ካርታ ተስፋው ብዙ ነው፤ ልብስ ሰፊውን የጎዳውም ይኸው ነው። አንዲት ካርታ ብቻ የጎደለችው እጅ ሲገጥመው መጣል አይሆንለትም። «ትመጣለች» ይላል፣ ቁልፎቹን ወደ መሐል እየገፋ። ቅጽል ስሙም ይኸው ሆኖ ቀረ። በካርታ ብቻም አይደለም። የጎደላት ዕቃ ትመጣለች ብሎ የገዛት የስፌት መኪና ዛሬም አልጋው ሥር ናት፤ ሚስቱ በጠረገች ቁጥር እግሯን ትመታታለች።

በዚያ ሳምንት ሰዓት ጠጋኙ ምሳ ሰዓት ላይ ያስጠናው ጀመር። ተፎካካሪው መሆኑ አልጠፋውም፤ ግን ብልሹ ጨዋታ ሲያይ ሰዓት ወደኋላ የሚቆጥር ያህል ያንገበግበዋል።

«አራት ልብ ስትይዝ ደስ ይልሃል፣ አይደል?» አለው።

«እንዴት አይለኝም፣ ጋሼ?»

«የምትጫወተው በሁለቱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የምትጠብቃቸው ካርታዎች ናቸው። አንተው ጨብጠሃቸው ከየት እንዲመጡልህ ነው?»

ልብስ ሰፊው የጎረሰውን ሳያላምጥ ቆየ። ይህን ሁሉ ዓመት አስቦት አያውቅም። ሽማግሌው ቀጠለና፣ የጎደለችህ ካርታ መጥታም ሌላው ሰው ከበለጠህ ባትጠብቃት ይሻልህ ነበር አለው። መጠበቅ የሚያዋጣው ስትመጣ ማንም የማይበልጥህ ከሆነና መሐል ያለው ክምር ከምትጨምረው ሲበልጥ ነው። ካልሆነ ጣል፣ ዝም ብለህ ጣል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በዚያው በመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ሰዓት ጠጋኙ ገና በጊዜ ተበልቶ ወጣ። ለሌላው ያስተማረውን ራሱ ረስቶ ሁለት ጊዜ የጎደለ እጅ ሲያሳድድ፣ ጥልፍ ሠሪዋ ሙልጭ አደረገችው። በርጩማውን ከኋላቸው አድርጎ ለመተቸት ተመቻቸ።

ከዚያ ለልብስ ሰፊው አራት ልብ መጣለት። ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ካርታዎች ሲገለጡ ሁለቱ ልብ ናቸው። ጥልፍ ሠሪዋ ብዙ ቁልፍ ገፋች። እጁ በልማድ ወደ ቁልፎቹ ሄደ፤ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ልብ በጠቅላላው አሥራ ሦስት ነው፤ ስድስቱ እዚህ ናቸው። የቀሩት ሰባት ናቸው፣ እነሱም የት እንዳሉ አይታወቅም። ከያዛቸው ትልቁ አሥር ነው፤ እሷ ንጉሥና ንግሥት ይዛ ይሆናል። አራቱንም ገልብጦ ጣላቸው።

«አሞሃል እንዴ?» አለችው።

«ደህና ነኝ።»

ከኋላ ሰዓት ጠጋኙ በአፍንጫው ሳቀ፤ ደስ ብሎታል።

ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊው ማንም እንደማያውቀው ሰው ተጫወተ። ጣለ፣ ጣለ፣ ሲደርሰው ወሰደ። ቁልፉ እኩል ለእኩል ሆነ። ፀሐይ ከማዶው ሕንፃ ጀርባ ገባች። አምፖሉ ከራሱ በላይ ነው፤ አብሩት ማለት በቂ ነበር። ነገር ግን ሌሎቹ ገና ጨለማ አልሆነባቸውም፤ እሱ ብቻ ቢጠይቅ ለምን ይሉታል። ቀጣዮቹን አራት ካርታዎች አነሳ።

የስፔድ አስ መጣለት፣ ከሷ ጋር ስፔድ ስድስት፣ ሌሎቹ ሁለቱ ቀይ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የስፔድ ንግሥት፣ የስፔድ ሰባት፣ ቀይ አራት። ጥልፍ ሠሪዋ ያላትን ሁሉ ገፋች። አሰበበት። ሁለት ስፔድ ከሱ፣ ሁለት ከጠረጴዛው፤ ዘጠኝ ቀርቷል። ከሁሉ የሚበልጠው አሱ እሱ ዘንድ ስለሆነ አንዲት ስፔድ ብትመጣ የሚበልጠው የለም። ክምሩም ተልቋል። ይህ የሚጣል እጅ አይደለም። ያለውን ሁሉ ገፋ።

ቀይ አሥር ወጣ። ከዚያ የስፔድ ሦስት።

ልብስ ሰፊው ሁለቱን ካርታ ቀስ አድርጎ ዘረጋ። ጥልፍ ሠሪዋ የሷን ሁለት ንግሥት አሳየች፤ ጠረጴዛው ላይ ካለችው ጋር ሦስት ይሆናሉ፤ ለሱ ግን አይበቁም። እንደተሸነፈች አውቃ ቁልፎቹን ወደሱ ልትገፋ እጇን ሰደደች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሱን ካርታ አየች።

«ይቺ እኮ ስፔድ አይደለችም» አለች ቀስ ብላ። «አበባ ናት።»

ስድስቷን አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋት። ከፊቱ ራቅ አደረጋት፣ መልሶ አቀረባት። ሰዓት ጠጋኙ መሳቅ ጀምሮ ተወው።

ደክሞኝ ነው ሊል አፉን ከፈተ። ዓመቱን ሙሉ ለደንበኛ የሚላት ቃል ናት። ፊቷን አየው። ከልጅነቷ ጀምሮ በመርፌ የኖረች ሴት ናት፤ ይህን ብታምን እንኳ እስከ ሰኞ ነው።

«ጥቁር አይታየኝም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት አልፎታል።»

ሰዓት ጠጋኙ ተነስቶ አምፖሉን አበራ። «መብራት አብሩ አትልም ነበር?» አለ ተቆጥቶ። «ስንት ቀን ያስጠናሁህን ሰው!»

ጥልፍ ሠሪዋ ቁልፎቹን በሁለት እጇ ሰበሰበች።

«መስኮቱን አሸንፌዋለሁ» አለች። «አልለቅም።»

«ማን ልቀቂ አለሽ?»

«ስማኝ። እኔ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው የምገባው። እስክመጣ ጥቁር ጥቁሩን እዚህ ቁጭ ብለህ ስፋ። ስመጣ ትነሳለህ። ትንሽ ቀረኝ፣ ይቺን ልጨርስ የሚባል ነገር የለም።»

«ደንበኛ ቢሰማስ?»

«ከማን ይሰማል?» ዞራ ሰዓት ጠጋኙን አየችው። ሽማግሌው እኔ ሰዓት ነው የምጠግነው፣ የሰው ዓይን ምን አገባኝ ብሎ በርጩማውን ወደ ቦታው መለሰ።

ልብስ ሰፊው ቆርቆሮውን ከፍቶ ያዘላት፤ ቁልፎቹን ዘረገፈችው።

«ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ተኩል አድርጊው።»

«ሦስት» አለች፣ ካርታውን ወደ ማሸጊያው እየመለሰች።