ከማኅደር የተቆረጠ ማሰሪያ

የያዙኝ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ነው፤ በገበያ ቀን፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ። ክሱን መንገድ ላይ ነገሩኝ፤ ገበሬውን መሬትህን ለግብር አታስለካ እያልክ ቀስቅሰሃል አሉኝ። ብያለሁ። ስለዚህ ብዙም አልተከራከርኩም።

የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው የገብስ እብቅ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች፤ በእሷ የምትገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ለአንድ ሰው የምትበቃ ቦታ ታሞቃለች። በጋይንት ብርድ ያቺ ቦታ ትልቅ ነገር ነበረች። ጉልበት ያለው ይዟት ይውላል፤ ሽማግሌውና በሽተኛው ጥግ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ፈታሾቹ ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ወሰዱ፤ የእጅ ሰዓቴን ተዉልኝ። በማግስቱ ስሞላው አንድ መሪጌታ አይተው ጠሩኝ። ከእስቴ የመጡ፣ እሳቸውም በልኬታው ነገር የተያዙ ናቸው። በዚህ በእጅ ሰዓትህ የፀሐይዋን ተራ ብንለካ ምን ይመስልሃል አሉኝ። ሐሳቡን ለሁሉም ያስረዱት እሳቸው ናቸው። አንድ የስማዳ ገበሬ፣ መሬት አናስለካም ብለን ታስረን ፀሐይ ልናስለካ ነው ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እምቢ ያለ ግን አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ የክፍሉ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እሞላዋለሁ፤ መስተዋቱን በነጠላ ጫፍ እወለውላለሁ፤ የቆዳ ማሰሪያው በላብ እንዳይሰነጠቅ ከስንቄ ቅቤ ቆንጠር አድርጌ አሸዋለሁ። ገበሬዎቹ ሙሽራ አደረግኸው ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን የእስር ቤቱ ኃላፊ ሃምሳ አለቃ ወደ ግቢው አስጠራኝ። እስረኞች ለሽንት ወጥተዋል። ዓይኑን ከክንዴ ላይ ሳይነቅል በዝግታ፣

«ሰዓቱን ስጠኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። ነገሩን እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር። ልቤ እቤቴ ደርሶ ተመለሰ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይህ ሰዓት ተረኞች አሉበት» አልኩት።

ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ ማሰሪያውን ክንዴ ላይ እንዳለ ቆረጠው፤ ሰዓቱን መሬት ላይ ጣለው። ያ ሁሉ ሰው እያየ ወደ ኪሱ መክተቱን አፍሮት ይመስለኛል። አንስቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ይሠራል።

ክፍላችን ስንገባ መሪጌታ የዳዊታቸውን መያዣ ማኅደር አወጡ፤ ዳዊቱን ትከሻ ላይ የሚያንጠለጥሉበትን የቆዳ አንገቻ በተዋሱት ምላጭ መቁረጥ ጀመሩ።

«ተዉ እንጂ መሪጌታ፣ የዳዊት ማኅደር እኮ ነው» አልኳቸው።

«ዳዊቴን አንጠልጥዬ የት ልሄድ? ይልቅ ክንድህን አምጣ» አሉ።

የብራና መጽሐፍ በቆዳ ሲደጉሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአንድ እስረኛ ወስፌ ተዋሱና በአሮጌው ዘለበት ላይ አዲሱን ቆዳ ሰፉት። በማግስቱ ሃምሳ አለቃው በሩን ሲከፍት እጅጌዬን ሰብስቤ ቆምኩ። አየውና ሰው መቁጠሩን ቀጠለ።

የተፈታሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከመውጣቴ በፊት ሰዓቱን በመሪጌታ ክንድ ላይ አሰርኩት፤ አሞላሉን አሳየኋቸው። ከእሳቸው ክንድ የሚነጥቅ እንደማይኖር አውቅ ነበር። ሃምሳ አለቃው በሩ ላይ ባዶ ክንዴን አይቶ፣

«ሰዓቱስ?» አለኝ።

«ገና አልተፈታም» አልኩት፤ ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ልጄ መሳቅ ጀምራለች። መሪጌታም ሲፈቱ ሰዓቱን ለሌላ እስረኛ ትተውት እንደወጡ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ አልጠየቅሁምም።

ሰዓቱን ሰጥቼ መውጣት እችል እንደነበር ለባለቤቴ የነገርኳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣

«ደግ አደረግህ» አለች።

ከዚያ በኋላ አላነሳነውም። እኔም እስከ ዛሬ ደግ ያደረግሁ ይመስለኛል።