ልጇን ቤት ትታ የወጣች ባዝራ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ትልቋ ልጄ ስልኳን ከፍታ ፎቶ አሳየችኝ። የጮቄ ተራራ ግርጌ ነው። ኮርቻቸው በቀያይ ጨርቅ ያጌጠ ፈረሶች ተሰልፈዋል፤ ሕፃናት ተፈናጠው ይስቃሉ፤ ወላጆች ሣሩ ላይ አንጥፈው ምሳ ይበላሉ።

"ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን እንወጣለን። እማዬ፣ አንቺም ትመጫለሽ" አለችኝ።

ባለቤቴ ይሁኔ ካረፈ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የምሄድበት የለኝም። ጥቁር ለብሼ ሽርሽር መውጣቱንም ልቤ አልፈቀደውም። ፎቶው ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ከፈረሶቹ አንዷ ዳማ ነበረች።

እኔ ልጃገረድ ሳለሁ ለመዝናናት ብሎ ተራራ የሚወጣ ሰው አላውቅም። ሰው ዳገት የሚወጣው እንጨት ሊያመጣ፣ የጠፋ ከብት ሊፈልግ ወይም ገበያ ሊሻገር ነበር። ይሁኔ ያኔ ከጮቄ ግርጌ ባለችው ሮብ ገበያ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። እኔን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ "እናስብበታለን" ብሎ ከመለሳቸው ወራት አልፈዋል። መጠበቁ ሲጨንቀው በፋሲካ ማግስት ቤተሰባችንን ጮቄ ላይ ምሳ ጋበዘ።

አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር። በጉብዝናው ከአምበር ደብረ ማርቆስ በአጋሰስ እህል ሲያመላልስ ስለኖረ፣ ዳገት ለእርሱ ድካም እንጂ ጨዋታ አይደለም።

"እዚያ ላይ ምን ጠፍቶን ነው የምንሄደው?" አለ።

እናቴ ግን ድፎ ዳቦውን ጋግራ፣ የፋሲካውን ሥጋ ጠብሳ ጨርሳ ነበር። አባቴም የተጋገረ ዳቦ ሲቀር አይወድም።

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠን ሮብ ገበያ ደረስን። የበልግ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር አዲስ የታረሰው የድንች መሬት ሽታ ከሩቅ ይቀበላል። ይሁኔ ፈረስ ወደሚያከራየው ገበሬ፣ ወደ አያ ቢምረው ቤት ወሰደን። ለአባቴ የተጫነችው ዳማ ባዝራ የምታጠባ ነበረች። ውርንጭላዋ ከጓሮ ታስራ ታሽካካለች፤ ባዝራዋም አንገቷን እያዞረች ትመልስላታለች።

እናቴ አንጀቷን በላት። "በፋሲካ እንኳ እናትና ልጅ ይለያያል? ፍታትና ትከተላት" አለች።

"ግድ የለም እቴቴ፣ ትቆይ። አገሩ ጉም አለው" አለ አያ ቢምረው።

ጉምና ውርንጭላ ምን እንደሚያገናኛቸው አልገባንም። አያ ቢምረው መንገድ እየመራን ወጣን፤ እናቴ እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ ስለ ሰውየው ጭካኔ ስታጉረመርም ሄደች።

ላይ ስንደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ረጃጅሞቹ የጅባራ ተክሎች እንደ ዘብ ቆመዋል፤ ከታች የገብስ ማሳው ቁርጥራጭ ሆኖ ይታያል። በላን፣ ጠላም ጠጣን። ይሁኔ የአባቴን ፊት እያየ ሸለቆውን በጣቱ ያሳየዋል፤ አባቴ "እሺ፣ ገደል ነው፤ አየሁት" እያለ ይመልስለታል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሣር እነጫለሁ። ከዚያ ምሳ በኋላ የሚሰጠው መልስ የኔም ዕድል ነበር።

ዕቃ ስንሰበስብ አባቴ አልታገሥ አለ። "ቀስ እያልኩ ልቅደም" ብሎ ባዝራዋ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ጀመረ። ጥቂት እንደቆየን ጉሙ ወረደ። አጠገቤ የቆመችውን እናቴን እንኳ ማየት አቃተኝ። በረዶም መጣል ጀመረ። ተጣራን፤ የመለሰልን የለም። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደርሰን ስንጠይቅ፣ ያገኘነው እረኛ ሽማግሌ ባለ ጋቢ አላየሁም አለን። በግራ በኩል ያለው መንገድ ወደ ገደሉ ይወስዳል።

ይሁኔ በግራ በኩል ሊሮጥ ሲል አያ ቢምረው እጁን ያዘው።

"አንተም ትጠፋለህ። ባዝራዋ ልጇን ቤት ትታለች፤ ልጓሟን ካልጎተቱባት በጉምም በጨለማም ትደርሳለች። ውርንጭላዋን ያስቀረኋት ለዚህ ነው።"

እናቴ ጉሙ ውስጥ ቆማ በቀጭን ድምፅ፣ "እርሱ ሳይጎትት የሚቀር ሰው አይደለም" አለች።

አያ ቢምረው እርምጃውን አፈጠነ። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ እንስሳ ሰው ወደመራው ይሄዳል ብሎ የኖረ ሰው ነው። አባቴ ቢሞት ገዳዩ እርሱ እንደሚባል ይሁኔ አውቋል። ቁልቁል ስንወርድ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየኝ፤ የመሰናበት አስተያየት ነበር።

የአያ ቢምረው ደጅ ስንደርስ ሊመሽ ነው። የውርንጭላዋ ድምፅ አይሰማም። እናቴ ቀድማን በአጥሩ በር ገባች፤ ከዚያ እዚያው ተቀመጠች። ተከትለን ስንገባ፣ ውርንጭላዋ አፏ በጡት ተወጥሮ ጭራዋን ትቆላለች። አባቴ ቤት ውስጥ ምድጃ ዳር ተቀምጦ የአያ ቢምረው ሚስት ያቀረበችለትን ትኩስ ድንች እየላጠ ይበላል።

"የት ቆያችሁ?" አለን።

እናቴ እያለቀሰች ሰደበችው። ኋላ እንደነገረን፣ እርሱ ወደ ግራ ሲጎትት ባዝራዋ ወደ ቀኝ ስትታገል ቆይተዋል። በመጨረሻ እጁ በብርድ ደነዘዘ። "ወደ ጋቢዬ አስገባሁት፤ እርሷም የልቧን አደረገች" አለ።

ይሁኔ በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ ከልብሱ ውኃ ይንጠባጠባል። ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት አባቴ ድንች ዘረጋለት።

"ግባና ሙቅ። የተራራውን ጫፍ ሳላየው ወረድኩ። ለዓመት ደግሞ አንተው ታወጣኛለህ።"

ሽማግሌዎቹ የጠበቁት መልስ ይህ እንደሆነ ገብቷት እናቴ ወደኔ ዞራ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። ያን ጊዜ ነው ማልቀሴን ያወቅኩት።

ይሁኔ ይህን ታሪክ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ለልጆቻችን ይነግራቸው ነበር፤ የአባቴን "የት ቆያችሁ?" በአባቴ ድምፅ ነበር የሚለው። ካረፈ ወዲህ ልጆቹ ወዲህ ነይ ሲሉኝ እኔ ወደዚያ ስጎትት ከርሜያለሁ። እጄም ደክሟል።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ጋ ደወልኩ። እመጣለሁ፣ ፈረሱን ግን ራሴ ነኝ የምመርጠው አልኳት።

"የትኛውን ልትመርጪ ነው?"

"ልጇን ቤት ትታ የወጣችውን።"

ሳቋን ሰማሁት።

አሁን የይሁኔን ወፍራም ጋቢ ከሳጥን አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ላይ ብርድ አለ፤ እጄን የማስገባበት ያስፈልገኛል።