ሁለት ላስቲክ

ልጅ እያለሁ አባየ በሒሳብ ነገር ከእኔ ሌላ ሰው አያምንም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀንም ዘግይቶ ስለጀመረ አብሮኝ ይማር ነበር።

በዚያ ዓመት ገብሱ በደንብ ያዘልን። አባየ አውድማውን አሰፋው፤ ቁመቱም ወርዱም አምስት እርምጃ የነበረው አሥር በአሥር ሆነ። ከዚያ በፊት ዝናብ ሲያስፈራን አንድ ላስቲክ ልክ በልኩ ይሸፍነው ነበር። አባየ አርብ ገበያ ሊሄድ ሲነሣ፣ “አሁንስ ስንት ይበቃል?” አለኝ።

“አምስቱ አሥር ሲሆን እጥፍ ነው። አንድ ከጨመርክ ሁለት ይሆናል፤ ይበቃል” አልኩት።

አንድ ገዝቶ መጣ።

ነዶውን ፈትተን አውድማው ላይ ባነጠፍን ማግሥት፣ በሬዎቹ ሳይገቡበት፣ በኅዳር ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ሁለቱን ላስቲክ ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። የአውድማው ግማሽ ሳይሸፈን ቀረ። ሙሉቀን ጫፉን ወዲያ ሲስብ በወዲህ ይገለጣል። እማየ ገብሱን በመንሽ ወደ ላስቲኩ ሥር ትገፋለች፤ ውኃው ቀድሟት ገብቷል። አባየ ጋቢውን ገፎ ጣለበት፤ ጋቢ ምን ይሸፍናል። እኔ ቆሜ በጣቴ እቆጥራለሁ። ስህተቱ አልታየኝም። በመጨረሻ ሁላችንም ቆመን ማየት ብቻ ሆነ።

ዝናቡ ሦስት ቀን ሰነበተ። ገብሱ ከነዛላው በቀለ፤ የግቢው ሽታ ሁሉ ኮመጠጠ። ከጥምቀት በኋላ ሙሉቀን ትምህርቱን አቋርጦ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ደብተር አልያዘም።

ሰባተኛ ክፍል ስገባ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ካሬ ሣሉ። ጎኑን እጥፍ አድርገው ሌላ ሣሉና ትንሹን በትልቁ ውስጥ ደረደሩት። አራት ገባ። ልጆቹ ወደ ደብተራቸው ገለበጡ። እኔ እስክሪብቶዬን አላነሣሁም።

ዛሬ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ልጄ በስልኳ ባፍታ ታወጣዋለች። አባየ አርጅቷል። አምና ለፋሲካ ስሄድ ከደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ “ያን ገብስ ያሳጣኋችሁ እኔ ነኝ” አለኝ። “የአቡየን በዓል ሽሬ አጭጄ ነበር። ሙሉቀንም በእኔ ኃጢአት ነው ከትምህርቱ የቀረው።” ለንስሐ አባቱ ተናዞ፣ እስከ ዛሬ በየወሩ ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ይውላል።

ዝናቡን ማን እንዳመጣው አላውቅም። የላስቲኩን ግን አውቃለሁ። “አባየ” ብዬ ጀመርኩ። “ወይ” አለና ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። የወረደ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስኩለት። “በረደህ?” አልኩት።