ሻሽ ስር ያደገ ድሬድ

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በቀጥታ የምትመጣ አንዲት ደንበኛ አለች። ጸጉር ሠሪዋ በሁለት ዓመት ውስጥ ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም፤ ፊቷ ጥያቄ አይወድም። ካፖርቷን ሳታወልቅ ትቀመጥና ሻሿን ትፈታለች።

ጸጉሯ ከሐር ክር የሳሳ ነው። መጀመሪያ ጸጉር ሠሪዋ ወፈር ብሎ እንዲታይ በትልልቁ ከፍላ ጠቀለለችው፤ በመጀመሪያው እጥበት ተፈትቶ ቁጭ አለ።

"እህቴ፣ ይሄ ጸጉር ድሬድ አይይዝም፤ ይቅርብሽ" አለቻት።

"እንደገና ጀምሪው።"

ከዚያ ወዲህ በቀጫጭኑ ከፍላ፣ ቅባት ሳታስነካ፣ በኪሮሽ መርፌ እየሳበች ትቋጥረዋለች። ሴትየዋ እንባዋ እስኪመጣ ቢያማትም ራሷን አታሸሽም። ሥራው ሲያልቅ አንዱን ዘለላ ወደ ታች ስባ በመስታወት ትለካዋለች። ከዚያ መልሳ በሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስረዋለች። መንገድ ላይ ያየላት ሰው የለም።

ዛሬ ጸጉር ሠሪዋ አላስችል አላት።

"ይሄን ያህል ለፍተሽ የምትደብቂው ለማን ብለሽ ነው?"

"ለአማቴ። በሰርጌ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ 'ልጄ መላጣ አገባልኝ' ብላ ስቃብኛለች። አሁን የአልጋ ቁራኛ ናት፤ አንገቷን እንኳ ማዞር አትችልም። የማጎርሳት እኔ ነኝ።"

"እግዜር ይማራቸው" አለች ጸጉር ሠሪዋ። "እና ምን ያህል ይርዘምልሽ?"

ሴትየዋ ማንኪያ እንደያዘ ሰው እጇን ዘርግታ ጎንበስ አለች። ድሬዱ ወደ ፊት ተንዠረገገ።

"ፊቷ ላይ እስኪያርፍ። አንድ ጣት ያህል ቀርቶታል።"