ያልተቀየረው አጥንት

ልጅ እያለሁ ጥርሴ ሲወልቅ ጣሪያው ላይ ወርውሬ፣ በምትኩ ነጭ ጥርስ እንድታመጣልኝ ወፏን እለምን ነበር። ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ናቲ የሚነቃነቅ የፊት ጥርሱን በምላሱ እየገፋ ተቀበለኝ። ልስቅ ሲገባኝ ተናደድኩ።

ሰፈራችን ከአዳማ ወጣ ብሎ ነው። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ኩልል ያለ፣ ሲቀዳ ለብ የሚል ነበር፤ ግን ፍሎራይድ ስለበዛበት የእኔንና የእኩዮቼን ጥርስ አበለዘው። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ቦኖው አጠገብ ፍሎራይዱን እንዲያስቀር በከሰለ የከብት አጥንት የተሞላ ማጣሪያ ተተከለ። አዲሱ ሰማያዊ ቀለም ፀሐይ ሲመታው የነበረው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሲመረቅ፣ አጥንቱ በየጊዜው መቀየር፣ ውሃውም መመርመር እንዳለበት ተነግሮ ሁላችንም አጨበጨብን።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ሰፈርተኛው ሸሸ። ጎረቤታችን እትዬ ድንቅነሽ፣ "በጾም አጥንት የነካው ውሃ? መረቅ ጠጣች በሉኛ!" ብለው ጀሪካናቸውን ወደ ድሮው፣ ወዳልተጣራው ቧንቧ ወሰዱ። እናቴ የነፍስ አባቷን ጠየቀች። "ከሰል እኮ ነው ልጄ፣ ለልጆችሽ ቅጂላቸው" አሏት። ሴቶቹ "ባለመረቋ መጣች" እያሉ ሲያሽሟጥጧት፣ "በእኔ ይሳቁ፤ በልጆቼ ጥርስ ግን አይስቁም" እያለች ለታናሽ እህቴ ለሜሪ ከማጣሪያው ብቻ ቀዳች።

ዓመታት አልፈው የሜሪ ቋሚ ጥርሶች ቡናማ ሆነው በቀሉ። እናቴ እያለቀሰች የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

"ጋሼ፣ አጥንቱ ተቀይሯል?" አለቻቸው።

ሰብሳቢው ማጣሪያው ድረስ ይዘውን ሄዱና አንድ ብርጭቆ ቀድተው ጭልጥ አደረጉ። "ይኸው፣ የጠራ ውሃ! ምን ጎደለው?"

ፍሎራይድ እኮ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይለይም! አጥንቱ አልተቀየረም ነበር፤ ውሃውንም ሊመረምር የመጣ ሰው የለም። ከውሃ ቢሮው "እናያለን" ተባልን። እስካሁን ያየ የለም። እናቴ ያን ሁሉ ሽሙጥ የቻለችው ለዚህ ነበር?

ዛሬ ጠዋት የናቲ ጥርስ ወለቀ። ወደ ጣሪያው ወረወረና፣ "ነጭ ታመጣልኛለች አይደል?" አለኝ። አዲሱ ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሳለ መሆኑን ዘንድሮ ተምሬያለሁ።

ያኔ ጥርሴ በልዞ ሲበቅል የተቀየምኩት ወፏን ነበር። አሁን ማንን መቀየም እንዳለብኝ አውቃለሁ።